እማዬ፣ እርጥብ ካልሲ እግርሽ ላይ አይድረቅ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ስንደዋወል «ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ እግሬ ብቻ እንደ በረዶ ሆኖ አልሞቅ አለኝ» ብለሽ ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ገባሽ። እኔ ግን ሐሳቤ እዚያው ቀረ። ስለ ራስሽ ስትናገሪ ሁልጊዜ አሳንሰሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እባክሽ ይህን ቁጭ ብለሽ፣ እግርሽን ከወለሉ አንስተሽ አንብቢልኝ።

ሰውነት ሲበርደው ቅድሚያ የሚሰጠው ለልብ፣ ለሳንባና ለሆድ ዕቃ ነው። ሙቀቱ እንዳይባክንበት ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። እግር ደግሞ ከልብ ሩቅ ነው። ጣቶች ላይም ሙቀት የሚያመነጭ ጡንቻ እምብዛም የለም። ዕድሜ ሲገፋ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ ቆዳውም ይሳሳል። «እርጅና ነው» ብለሽ አትለፊው። ብዙ ሊደረግለት ይችላል።

ብዙ ሰው እግሩ ሲቀዘቅዝ ካልሲ ላይ ካልሲ ይደርባል፤ ወገቡና አንገቱ ግን እየበረደው ነው። እውነቱን ለመናገር እግር መሞቅ የሚጀምረው ከላይ ነው። ደረትና ሆድ ሲሞቁ ሰውነት ሙቀቱን መሰሰት ያቆምና ደሙን ወደ እግር ይለቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ሹራብሽን ልበሺ፣ አንገትሽንና ራስሽን ሸፍኚ። ከዚያ ወደ ታች ውረጂ። ቁርጭምጭሚትሽ ባዶውን አይሁን፣ እዚያ ጋ ቆዳው ስስ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ካልሲሽ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ታደርጊውና «እግሬ ላይ ይደርቃል» ትያለሽ። የሚደርቀው እኮ ከእግርሽ ሙቀት እየወሰደ ነው! ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ፍጥነት ያስተላልፋል። ትንሽ እርጥበት እንኳ ቀኑን ሙሉ ታበርድሻለች። ከላይ ሲነኩት ደረቅ የሚመስል ካልሲ ጣቱና ተረከዙ ጋ ገና ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ጋ ወፈር ይላላ። ከማድረግሽ በፊት ያንን ቦታ ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። ቀዝቀዝ ካለሽ መልሰሽ አስጪው።

እግር በብርድም ቢሆን ያልባል። የጥጥ ካልሲ ላቡን ይመጥና ይዞት ይቀመጣል። የሱፍ ካልሲ ግን የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞም ሙቀቱን አይለቅም። ሱፍ ካለሽ እሱን አድርጊ፤ ከሌለሽ የጥጡን ቀን ላይ አንዴ ቀይሪው። ሁለት ስትደርቢ ደግሞ የላይኛው ሰፋ ይበል። የሚያሞቅሽ በመሀል የሚቀረው አየር ነው። ጠባብ ካልሲና ጠባብ ጫማ አየሩንም ያስወጣሉ፣ ደሙንም ያግዳሉ። ካልሲሽን ስታወልቂ ባትሽ ላይ የላስቲኩ መስመር ጠልቆ ከታየሽ ጠቦሻል ማለት ነው።

ከታጠብሽ በኋላ በእያንዳንዱ ጣት መሀል ፎጣውን አስገብተሽ አድርቂ። በተለይ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ መሀል ፈንገስ የሚወደው ቦታ ነው። ቅባት ለተረከዝሽ ጥሩ ነው፣ ጣቶችሽ መሀል ግን አታስገቢ።

ወለሉስ? ሲሚንቶና ሴራሚክ ሙቀትን ከውስጥ እግር ይስባሉ። ሁልጊዜ የምትቀመጪበት ወንበር ሥር ምንጣፍ ይኑር። ከሥሩ ካርቶን ብታነጥፊበት ደግሞ የበለጠ ይይዛል፣ ብቻ ጠርዙ ተነስቶ እንዳያደናቅፍሽ። በካልሲ ብቻ ሴራሚክ ላይ አትሂጂ፣ በጣም ያንሸራትታል። ከኋላ የተዘጋ፣ ሶሉ የማያንሸራትት የቤት ጫማ ይሻልሻል። ከእግር ሹልክ የሚለውን ሸበጥ ተይው፣ መውደቅ ከብርዱም የባሰ ነው።

ቤቱን በሙሉ ማሞቅ ካልተቻለ አንዱን ክፍል ያዢ። በሩን ዝጊ፣ ከሥሩ የሚገባውን ነፋስ በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኚው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወቅት ቤት ውስጥ 18 ዲግሪ ቢሆን ይመክራል። ነገር ግን ለሙቀት ብለሽ በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳታነጂ፣ አደራ! ጭሱ ቢጠፋም መርዛማው ጋዝ ይኖራል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል።

የሙቅ ውሃ ላስቲክሽንም በልክ ተጠቀሚ። የፈላ ውሃ አትሙዪበት፣ በጨርቅ ጠቅልይው። ከመተኛትሽ በፊት አልጋውን ያሙቅልሽና አውጪው። 44 ዲግሪ ብቻ የሆነ ነገር ለሰዓታት ቆዳ ላይ ከቆየ ያቃጥላል፣ የደነዘዘ እግር ደግሞ አይሰማውም። ስኳር ያለባቸው ጓደኞችሽ ጭራሽ እግራቸው ላይ እንዳያደርጉት ንገሪያቸው። እነሱ ካልሲ ይሻላቸዋል። አንቺም ሰፋ ያለ ደረቅ ካልሲ አድርገሽ ተኚ፤ እግር ሲሞቅ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል።

ረጅም ሰዓት ስትቀመጪ እግርሽን አታነባብሪ። ተረከዝሽን መሬት ላይ አድርገሽ ጣቶችሽን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺ፣ የባትሽ ጡንቻ ደሙን ይገፋዋል። ቡና እስኪፈላ እንኳ በቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዱ እግርሽ ከሌላው ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ ጣትሽ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ የማይድን ቁስል ካየሽ፣ ወይም ስትሄጂ ባትሽን ይዞሽ ስትቆሚ የሚለቅሽ ከሆነ፣ ሐኪም ጋ ሳትሄጂ አትደሪ። እንዳላስጨንቀው ብለሽ አትፍሪ፣ የሚያስጨንቀኝ ብትደብቂኝ ነው።

የቤት ጫማ ልገዛልሽ ነው። ማታ ላይ እግር ትንሽ ስለሚያብጥ ያኔ ወፈር ያለውን ካልሲ አድርገሽ ወረቀት ላይ ቁሚና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሪው። ሁለቱንም እግር፣ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከዚያ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን ለክተሽ ስትደውዪ ንገሪኝ።

የምትናፍቂው ልጅሽ