ሌሊት ወንዝ ለሚገቡ ትራውት አጥማጆች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች ወንዞች ስለተባዙት የትራውት ዓሣዎች ሲጻፍ፣ የብርዱ ነገር መዘንጋቱ በጣም ያሳስበኛል። በዲንሾ አካባቢ የበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ በዚያ ሰዓት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ጣቶቹ መንጠቆ ማሰር ሲሳናቸው ካልወጣ፣ እግሩም ደንዝዞ የሚያዳልጠውን ድንጋይ ሳይለይ ሊወድቅ ይችላል። እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ የለበሰ ደግሞ ወገቡን በቀበቶ ጥብቅ አድርጎ ካላሰረ፣ ሲወድቅ ልብሱ ውሃ ሞልቶ መነሣት ይከለክለዋል። ቡናማው ትራውት ቀን ከተደበቀበት ወጥቶ በጨለማ ወደ ዳርቻው ስለሚጠጋ፣ እኔ እንደማምነው ብዙ ጊዜ ወንዝ መግባቱም አያስፈልግም፤ ጠጠር በተረገጠ ቁጥር ዓሣው ይሸሻል። አስጎብኚዎች ይህን ለእንግዶቻቸው አስቀድመው እንዲነግሩ፣ ማንንም ለብቻው እንዳይልኩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከባሌ ሮቤ