«የለም» ያልኩበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽንም ጉንፋኑ ለቋታል። የላክሽውን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። የሂሳብ ሥራውን የጽሑፍ ፈተና አልፈሽ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ሰውየው «ስልክ ሲደወል እንዴት ታነሺያለሽ?» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ገፋልሽ። አንቺም መልስ ሳትጽፊ ወጣሽ። አጠገቤ ብትሆኚም ይህን ሁሉ በምልክት ልነግርሽ አልችልም ነበር፤ ምልክት ቋንቋውን ዘግይቼ ጀመርኩት፣ እጄም እንደ እናትሽ እጅ አልፈታ አለኝ። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

ከምክሬ በፊት ግን እስከ ዛሬ የደበቅኩሽ ነገር አለ።

ግንቦት 1999 ነው። ያኔ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ ማጅራት ገትር ጆሮሽን ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖታል። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ በቤታችን የፊት ክፍል እኔ እሰፋለሁ፤ አንቺ እንደ ልማድሽ መዳፍሽን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ለጥፈሽ ቆመሻል። መኪናው ሲሮጥ ንዝረቱ በእጅሽ ይገባ ስለነበር፣ ባቆምኩ ቁጥር ቀና ብለሽ ታዪኝ ነበር። የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛው እርሳስና ቅጽ ይዞ ገባ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት እያለ ጠየቀና «ከቤተሰቡ አካል ጉዳት ያለበት ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ልጁ ወደ አንቺ ዞሮ «ማሚቱ፣ ስምሽ ማን ነው?» አለሽ። አንቺ አፉን አፉን እያየሽ ፈገግ አልሽለት። «ዓይን አፋር ናት» ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩ። እሱም በእርሳሱ አንድ ነገር ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ጎረቤት «ዘራቸው ውስጥ አለ» እንዳይል፣ ታላቅ እኅትሽም ጠያቂ እንዳታጣ ብዬ ነው። የፈጣሪ ቁጣ ነው የሚሉም ነበሩ፤ እኔም በልቤ አልተቀበልኩትም ብዬ አልዋሽሽም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ያ ቃል እኛ ቤት ብቻ አልቀረም። የቆጠራው ውጤት ሲወጣ በአገሪቱ ያለው አካል ጉዳተኛ ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ላይ ግን የኢትዮጵያ ቁጥር ከመቶ 17.6 ነው። ልዩነቱ ከአጠያየቁም ይመጣል፤ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ማለትና «ለመስማት የሚቸገር አለ?» ማለት አንድ አይደለም። ግን እንደ እኔ «የለም» ብሎ ያለፈው አባትና እናትም ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ሌላ ቆጠራ አላካሄደችም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ማቋቋምና መርዳትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል፤ በጀት የሚይዘው ሰው ግን የሚያየው ቁጥር ነው። ዘጠነኛ ክፍል መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲያስረዳ አንቺ ከጓደኛሽ ደብተር ትገለብጪ ነበር። አስተርጓሚ የሚመደብላት ተማሪ መኖሯን መዝገቡ አላወቀም፤ አባቷ አላስመዘገባትማ።

አሁን ወደ ሥራሽ ልመለስ። አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነገሩን አጫወትኩት። በማግስቱ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 ኮፒ አድርጎ አመጣልኝ። ሱቁን ዘግቼ አነበብኩት። አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ የሚመች እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ነጥብ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያው ለአካል ጉዳተኛው ነው ይላል። ከሁሉም ልቤን ያሳረፈኝ ደግሞ የማስረጃው ጉዳይ ነው፤ «በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ» ብለሽ ስትከሺ የማስረዳት ሸክሙ በአንቺ ላይ አይወድቅም፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ለሂሳብ ሥራ የተወዳደረችን ልጅ በስልክ ምክንያት መመለስ ተገቢ መሆኑን እሱ ያስረዳ።

በ2002 ደግሞ አገራችን ስለ አካል ጉዳተኞች መብቶች የወጣውን ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ኮንቬንሽኑ ቋንቋ ሲል የሚነገረውንም የምልክቱንም ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ጽፎታል። ሰፈሩ «ዱዳዋ» ሲልሽ አንቺ ቋንቋ ነበረሽ፤ የማናውቀው እኛ ነን።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ሕጉ ጥሩ ነው፣ ጉድለቱ ክትትሉ ላይ ነው። አሠሪው አዋጁን አያውቀውም፣ ወይም ማንም እንደማይጠይቀው ያውቃል። ቢሮ ለቢሮ እየዞረ የሚያይ ተቆጣጣሪ እዚህ ሱቄ በር ላይ አይቼ አላውቅም፣ ግብር ሰብሳቢው ግን በየዓመቱ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቢላቸው። ያልተቀበሉሽበትን ምክንያት ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሰውየው የጻፈባትን ያቺን ወረቀት ይዘሻት ከሆነም እንዳትጥያት።

የአዋጁን ኮፒ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ ስለ ማስረጃ የሚለውን በጠመኔዬ አስምሬበታለሁና ሲነካካ እንዳይጠፋ በእስክሪብቶ ድገሚበት። ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ሂጂ። ብቻዬን አልሄድም ካልሽ እሑድ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

አባትሽ