ኳሷ ከመምጣቷ በፊት፦ የእግር ኳስ ክበባችን ዓመት

ዋንጫ አልበላንም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና እንገላገል። በሩብ ፍጻሜ በመለያ ምት ወጥተናል። ዳኛውን የሚያሙ አሉ፤ እኔ አላማም። ሁለቱን ምቶች አጥር አሳልፈን የላክናቸው እኛው ነን።

የዘንድሮው ወሬያችን ሌላ ነው። የሚጀምረውም ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። የሴቶች ቡድናችን የክንፍ ተጫዋች በግንባሯ ልትገጭ ዘለለች። ስታርፍ ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ገባ። አጠገቧ ማንም አልነበረም። እኔ ወለምታ መስሎኝ ነበር። ማታውኑ ጉልበቷ አብጦ ሱሪ አልገባ አላት። የሰፈር ወጌሻ አሽቶ "ወደ ቦታው መልሼዋለሁ" አለ። ከሳምንታት በኋላ በኤምአርአይ ሲታይ፣ ጉልበት ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር አሻግሮ የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል።

እናቷ ትምህርት ቤት መጡና "ማን መታት?" አሉኝ። ማንም አልመታትም ብዬ ስመልስ የራሴ ቃል ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

ክረምቱን ስለ ጉልበት ሳነብ ከረምኩ። ይህ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካን ነው። ዘለን ስናርፍ፣ ሮጠን ድንገት ስንቆም፣ አቅጣጫ ስንቀይር። ያንኑ ስፖርት ሲሠሩ ደግሞ ወጣት ሴቶች ከወንዶቹ ይበልጥ ይጎዳሉ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኦስሎና ከሌሎች ቦታዎች የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ጋር ያዘጋጀው ኢሌቨን ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 20 ደቂቃ ይፈጃል። 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ወደ 1,900 በሚጠጉ ሴት ተጫዋቾች ላይ አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት ተሞክሮ ውጤቱ በ2008 ታትሟል። የሠሩት ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ ጉዳታቸው በሲሶ ያህል አንሷል። ከባዱ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ ወርዷል።

መስከረም ላይ ይህን ለክበቡ አባላት ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ኳሱስ?"

የመጀመሪያው ወር ፍልሚያ ነበር። ኮን የለንም፤ በየሃይላንዱ አፈር ሞልተን ሁለት ረድፍ ደረደርን። ልጆቹ ሃይላንዶቹን በቴስታ ይመቷቸዋል። ታኬታ ይገዛልን የሚለው ጥያቄም በየሳምንቱ ይመጣል። ጥያቄው ልክ ነው። የሜዳችንን ጠጠር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በላስቲክ ጫማ የሚጫወት ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ቢያጣምም አይገርምም። ግን ጫማ ቢገዛም ጉልበት ወደ ውስጥ ከመግባት አይመለስም።

ነገሩ የተለወጠው በደረጃው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ታችኛው እርከን ላይ አንድ በአንድ አቆምኳቸው። መሬት ላይ በጠመኔ ሁለት የእግር ምልክት ሠራሁ። "ዝለሉና እዚህ ላይ አርፋችሁ ቁሙ።" አምና የተጎዳችው ልጅ፣ ያኔ ገና ክራንች ይዛ፣ በስልክ ቀስ በሚለው ቪዲዮ ቀረጸች። በረኛችን ዘለለ። በዓይን ሲታይ ምንም የለውም። ቪዲዮው ሲከፈት ግን ሁለቱ ጉልበቶቹ መሬት ሲነካ ተጠጋግተው ሳም ተደራርገው ተመለሱ። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ይሄ እኔ ነኝ?" አለ። ሦስቴ ደገመው። በአራተኛው ጉልበቶቹ ከእግር ጣቶቹ ጋር ቀጥ ብለው ተሰለፉ፤ ወገቡም ልክ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀራጯ በቪዲዮ እያየ በሚፈርደው ረዳት ዳኛ ስም "ቫር" ተባለች። "ተሳሳሙ" ካለች ይደገማል፤ ይግባኝ የለም።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚጠላው አንድ ነው። ተንበርክከህ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይይዝሃል። ከጉልበት እስከ ራስህ ቀጥ ብለህ፣ እየታገልክ፣ ቀስ እያልክ ወደ ፊት ትወድቃለህ። የጭንን የኋላ ጡንቻ ያጠነክራል፤ ያ ጡንቻ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ስለሚይዝ ለጅማቱ አጋዥ ነው። ልጆቹ "ስግደት" አሉት። በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ማየት ነው!

ጥር ላይ ኮምፒውተር ክፍል ወስጄ የበረዶ ሸርተቴ አሳየኋቸው። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የኛን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሎምፒክ እንደተወዳደረ ከክፍሉ የሚያውቅ አልነበረም። የእሱ ረጅሙ የሜዳ ሸርተቴ ነው። እኔ ያሳየኋቸው ግን ተራራ የሚወርዱትን፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩትን ነው። እነሱ ሄልሜት አላቸው። ሲወድቁ ጫማውን ከሸርተቴው የሚለቅ ማያያዣም አላቸው። ማያያዣው ብዙ ቅልጥም ከመሰበር አድኗል፤ የጉልበቱን ጅማት ግን ያን ያህል አላዳነም። የውጪው ሸርተቴ በድንገት በረዶውን ሲነክስ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ እንደ ስዊዘርላንድ ባሉ አገሮች ከ16 ዓመት በታች ያሉ ተወዳዳሪዎች ከበረዶ ውጪ ምን ይሠራሉ? አስተካክሎ ማረፍ። ሆድና ወገብን ማጠንከር። እና ስግደት።

ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። "ፈረንጆቹም ይሰግዳሉ!" ስለ ታኬታ ያን ሳምንት ማንም አልጠየቀኝም።

የካቲት ላይ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ስለገቡ ከሰዓት የነበረውን ልምምድ ወደ ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት አዛወርን። ዝላዩንም ቀነስን። በዚያው ሰሞን ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች ከጉልበታቸው ሎሚት በታች ያመናል አሉ። ቁመታቸው ባንድ ዓመት የተመዘዘ ልጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ አጥንት ሲፈጥን ጡንቻው ይዘገያል፤ ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን አጥንት ይጎትታል። ጤና ጣቢያ ታይተው ጥቂት ሳምንት ቀለል ያለ ሥራ ሠሩ። ጨክን፣ ቻለው ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። እኔ ራሴ ድሮ ብዙ ልጅ ቻለው ብያለሁ።

ስለ ወጌሻም ወላጆችን ሰብስበን ተነጋገርን። ስድብ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ ታሽቼ አድጌያለሁ። ግን ገና የተጎዳን እግር ማሸት እብጠቱን ያብሳል። በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም ይዘጋል፤ በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ልጆችን ሐኪሞቻችን በደንብ ያውቋቸዋል። ያበጠ ወይም መርገጥ ያቃተው እግር መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

አንድ ጥፋት አለብኝ። መጋቢት ላይ ለውጪ ጨዋታ ስንሄድ ታክሲው አረፈደን። ደርሰን ልብስ እንደቀየርን ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ዳኛውን ለምኜ ለማሟሟቂያው ማስጠበቅ እችል ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ። በመጀመሪያው አጋማሽ ተከላካያችን የኋላ ጭኑን ይዞ ተቀመጠ። ሳያሟሙቁ መግባታቸው ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዓመቱን በሙሉ ከዚህ ሌላ የደረሱብን ሁለት የቁርጭምጭሚት ወለምታዎች ናቸው። አንደኛው ኳስ ሊያመጣ ሄዶ የውሃ ቦይ ውስጥ የገባ ልጅ ነው፤ ለእሱ ፊፋም መድኃኒት የለውም።

ለከርሞ ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ስፖርት ዕቃ ክፍል በር ላይ ነው። ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ኑ፤ የነበሩትን በቴስታ ጨርሳችኋቸዋል።

ሰኔ ላይ ሜዳው ጭቃ ሆኖ የመጨረሻውን ልምምድ ኮሪደር ውስጥ ሠራን። ሁሉም ሲጨርሱ ቫራችን ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ጥቅምት ላይ ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ከታችኛው እርከን በሁለት እግር እንድትዘል ፈቅዶላታል። "ቲቸር፣ አሁን እኔን ቅረጹኝ።" ዘለለች። አረፈች። ጉልበቶቿ አልተሳሳሙም። ቪዲዮውን ከትከሻዬ በላይ ሆና አየችው።

"ወደ ግራ እግሬ አጋድያለሁ" አለች።

አዎ፣ አጋድላለች። ወደ ደረጃው ተመለሰች።