ሳጥኑ መጋዘን ውስጥ ሲውል መድኃኒቱ ያልቃል፦ ለአየር ጭነት መልቀቂያ ክፍል ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል። ሦስቱም «ገቢ» የሚል ማህተም ተመትቶባቸው ቀርተዋል። አራተኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው ብለናል።

አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት የገባው ሳጥን የተለቀቀው ማክሰኞ 9 ሰዓት ነው። አርብ «ዋናው ፈቃድ ይምጣ» ተባለ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰው የለም፤ ሰኞ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ውስጡ ያለው ለታይሮይድ ካንሰር የሚዋጥ የአዮዲን 131 እንክብል ነው፤ ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን ማለት ነው። ጨረሩ በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ አርብ 100 ሚሊኪዩሪ (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) የነበረው ማክሰኞ 71 ሆኗል። ሠራተኛዎ «100 ይላል እኮ፣ ምን ጎደለ?» አሉን። ያ ቁጥር የሚሠራው አጠገቡ ለተጻፈው ቀንና ሰዓት ብቻ መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ። ባያውቁ ኖሮ በትሕትና እንጽፍልዎ ነበር።

የታካሚዋ የታይሮይድ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። የተረፈው ሴል አዮዲኑን እንዲስብ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ቀስቃሽ ሆርሞን ከ30 በላይ መውጣት አለበት፤ ለዚህም በወጣው ዕጢ ፋንታ የምትወስደውን ሆርሞን፣ ታይሮክሲኗን፣ 4 ሳምንት አቁማለች። ፊቷ አብጧል፣ ብርድ አጥንቷ ድረስ ይገባል፣ አንድ ፎቅ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። እንዲህ ሆና ትቆይ እንዳይባል ያው ቲኤስኤች የካንሰሩንም ሴል ያሳድጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ወይ በ71 ያክማታል፣ ወይ ሌላ ሳጥን በውጭ ምንዛሪ እስኪመጣ ያስጠብቃታል። ይህን ምርጫ የሰጠው የእርስዎ ክፍል ነው።

ፈታሹ ደግሞ «ክፈቱና እንየው» ብለው ነበር። ሳጥኑ ላይ «ቢጫ ሁለት» የሚባለው የጨረር ጭነት ምልክትና 0.6 የሚል ቁጥር አለ፤ ከተዘጋው ሳጥን በአንድ ሜትር ርቀት የሚደርሰው ጨረር በሰዓት 6 ማይክሮሲቨርት ማለት ነው። ውስጥ ያለው፣ ጨረሩን የሚከልለው የእርሳስ ብረት ዕቃ ከተከፈተ ግን ሌላ ነገር ነው። ጨረሩ የሚያስፈራ ከሆነ ደግሞ አራት ቀን አጠገባችሁ ማሳደራችሁ ይገርማል።

ሰሞኑን በየመድረኩ ጨረር ስለሚሸከም አንቲቦዲ ይወራል፤ ካንሰሩን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ላይ ጨረር አመንጪ አቶም ማሰር ነው። በአሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. ለሊምፎማ (ለሊምፍ ካንሰር) የተፈቀደው፣ ዜቫሊን የተባለው እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚሠራበት ጨረር አመንጪ ኢትሪየም 90 በ64 ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በእናንተ አራት ቀን 35 በመቶው ይቀራል። አዮዲን 131 የታሰረበት አንቲቦዲ ደግሞ በደረቅ በረዶ እንደቀዘቀዘ ነው የሚጓዘው፤ በረዶው ካለቀ ጨረሩ ራሱ ፕሮቲኑን ያፈርሰዋል፣ የተፈታው አዮዲንም ካንሰሩን ትቶ ወደ ጤነኛው ታይሮይድ ይሄዳል። እንክብሉ ላይ የጎደለው መጠን ብቻ ነበር።

ቅዳሜና እሁድ የሚፈርም አንድ ተተኪ ይመደብ፤ ይኸው ነው።

ቀጣዩ ሳጥን በመጪው አርብ ይገባል። የሚጠብቀው ታካሚ ታይሮክሲኑን ካቆመ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። ፈራሚው የዚያን ዕለት ስብሰባ ካላቸው ከአሁኑ ይንገሩን።