አባባ፣ ስለዚያ ስለ ሐረሩ ባቡር

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣ ጎንደር አዘዞ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ያ የሐረሩ ባቡር ዛሬም አለ ወይ? ከመምሬ ጋር ተከራክረንበታል» እንዳሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። አሁን ለሥራ ድሬዳዋ መጥቻለሁና ሄጄ አየሁልዎ።

አይቆጡኝና፣ ባቡሩ ሐረር ገብቶ አያውቅም። በወታደርነትዎ ጊዜ የወረዱት እዚህ ድሬዳዋ ነው፤ ሐረር የወጡት በመኪና መሆን አለበት። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ሐሳቡስ ሐረር ለማስገባት ነበር። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ግን ያን ተራራ ማስወጣቱ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነና ሐዲዱ በቆላው ዞረ። በ1895 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ከተማ ሆነ፤ ይህችው ድሬዳዋ ናት። መጀመሪያ ምን ብለው እንደሰየሟት ያውቃሉ? «አዲስ ሐረር»! እንግዲህ ግማሽ እውነት አለዎት።

ከዚያ ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ለ780 ኪሎ ሜትር ገደማ 20 ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

የእርስዎን ሐዲድ በአንድ እርምጃ ተሻገርሁት። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ዝጎ ቀርቷል፤ ሣር በቅሎበት በግ ሲግጥበት አየሁ። ትንሽ ከፋኝ።

በ2009 የተመረቀው አዲሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ከከተማው ውጭ ነው የሚያልፈው። ሰውም ይጭናል፤ ዋና እንጀራው ግን ጭነት ነው። ሲያልፍ ፉርጎዎቹን ስቆጥር ሠላሳ ላይ ጠፋብኝ። ወደ ጅቡቲ ቡና ይወርዳል፤ ከወደብ ደግሞ ኮንቴይነር፣ ስንዴ፣ ማዳበሪያ ይወጣል። እርስዎ ለጤፉ የሚበትኑት ማዳበሪያም ከጅቡቲ ነው የሚመጣው። ከፊሉ በዚህ ባቡር መሐል አገር ይደርስና የቀረውን መንገድ በከባድ መኪና ይጓዛል።

ለእማዬ ባቡር ላይ ሄድሁ ብላት «የምን ባቡር? ወፍጮ ቤት?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ጎንደር ሌላ ባቡር ከየት አይታ!

የሐረሩን ነገር ለመምሬ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። እኔ መካከል አልገባም።

ልጅዎ