ወተት ሳንባ አያጥብም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚያው አካባቢ ክሬሸር ላይ ድንጋይ ይፈጫል። ማታ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ እናታችን ልብሱን በር ላይ ታራግፍለታለች፣ ልጆቹ ደግሞ እዚያው እግሯ ሥር ይጫወታሉ። ሳል ከጀመረው ሰነበተ። ስንነግረው «ወተት እኮ እጠጣለሁ» ይላል። አሠሪውም ግማሽ ሊትር ወተት ሰጥቶ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል።

ወተቱን ይጠጣ፣ ምግብ ነው። ግን ወተት የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፣ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ። ደግሞ ዓይናችን የሚያየው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ቀርቶ በአክታ ይወጣል። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው የማይታየው ብናኝ ነው። ድንጋዩ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ካለው ሳንባው ጠባሳ እየሆነ ይደርቃል፤ ሲሊኮሲስ ይሉታል፣ አንዴ ከያዘ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፣ ለቲቢም ያጋልጣል።

ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል የሚቆፍሩ ሰዎች ይህን መከራ ቀድመውን አይተውታል። አሜሪካ ለነሱ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚፈቀደው የከሰል ብናኝ ከ2 ወደ 1.5 ሚሊግራም ወርዷል፤ አቧራ የሚበዛበት ቦታ ያለው ሠራተኛም መለኪያ ታጥቆ ስለሚገባ ምን እየተነፈሰ እንደሆነ እዚያው ያያል። ማስክ እዚያ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ ውሃ። ከሰሉን የሚቆርጠው ማሽን ጥርሱ ሥር ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ በማራገቢያ ንጹሕ አየር ይገባና አቧራውን ከሰዎቹ ያርቀዋል።

እኛ ጋ ጨርቅ ማስክ ታደለ ማለት ሥራው አለቀ ማለት ነው። በዚያ ሙቀትና ድካም ቀኑን ሙሉ ማን ያደርገዋል? አገጭ ላይ ነው የሚውለው።

ውሃ የለም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። ግን ድንጋዩ መፍጫው ውስጥ ሲገባና ጠጠሩ ከቤልቱ ላይ ሲወርድ ብቻ ቀጭን ጭጋግ መርጨት ይቻላል፣ ቤልቱንም በላሜራ መሸፈን ይቻላል። ልብስ መቀየሪያ ክፍል መሥራትስ ስንት ቆርቆሮ ይፈጃል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል። ተቆጣጣሪዎች እባካችሁ፣ የማስክ መዝገብ ላይ ፈርማችሁ አትመለሱ። ማሽኑ እየሠራ ኑና ውሃው ይረጭ እንደሆነ እዩ። ወንድሜ ባለፈው ደረቱን ራጅ የተነሳው ከኪሱ ከፍሎ ነው፣ ያውም እኔ ጎትቼው።

የአካባቢው ነዋሪ፣ ከቱሉ ዲምቱ