ማኒኪኑ ከሳጥን ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሄርማታ ነው። አምቡላንስ ላይ የምሠራ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ነኝ። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ያለፍኩት አምና በሁለተኛው ምዘና ነው። ሰሞኑን የሰፈሬ ልጆች ለምዘና ሲዘጋጁ አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው አልፌ ነበር። ሃንዳውቱን ሸምድጄዋለሁ። ልቡ ለቆመ አዋቂ ሰው 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። የጣለኝ ተግባሩ ነው። ተንደርድሬ ሄጄ ማኒኪኑ (የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ አሻንጉሊት) አጠገብ ተንበረከክኩ። ጓንት አላደረግኩም። አካባቢው አደጋ እንደሌለው ዞር ብዬ አላየሁም። መዛኙ ምንም ሳይል ወረቀቱ ላይ ጻፈ። አልተከራከርኩም። እውነተኛ ቦታ ቢሆንና የተበጠሰ የመብራት ሽቦ መሬት ላይ ቢኖር፣ ሁለተኛዋ ታካሚ እኔ ነበርኩ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በተማርኩበት ተቋም ማኒኪኑ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። «እንዳይበላሽ» ይሉናል። በሥልጠናው ጊዜ ሁሉ የነካሁት ሦስት ቀን ነው፤ ያውም ተራ ተጠብቆ።

ለሁለተኛው ምዘና የተለማመድኩት በጆንያ ነው። እናቴ ቡና ለቃሚ ናት። ገለባ የሞላ ጆንያ አምጥታ ወለሉ ላይ አስተኛችልኝ። ማታ ማታ ክንዴን ቀጥ አድርጌ በትከሻዬ ክብደት እጫናለሁ፤ እሷ ስልኳ ላይ ሰዓት ይዛ ትቆጥራለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ይዝላል። «ቀስ አልሽ እኮ ልጄ» ትለኛለች። እሷ ባትኖር አላልፍም ነበር።

ጆንያ ግን ደረት አይደለም። አንዴ ከሰረጎደ ተመልሶ አይነሳም። ደረት ከተጫኑት በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መለቀቅ አለበት፤ ልብ በደም የምትሞላው ያኔ ነው። ይህን እጅ የሚለምደው በማኒኪን ነው።

አሠልጣኞችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ምዘና ሲቃረብ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የመለማመጃ ክፍሉን ለሠልጣኞቹ ክፈቱላቸው፤ ተመርቀው ምዘና ለሚጠብቁትም ጭምር። ሰው የለንም ካላችሁ፣ ተረኛ ባልሆንኩበት ቅዳሜ ሁሉ መጥቼ በነጻ አለማምዳለሁ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም እሺ ብለዋል።

አክባሪያችሁ፣
የአምቡላንስ ባለሙያ፣ ከጅማ